እንጀራ ሳይተዉ ክብደት መቀነስ፦ ካሎሪንና ካርቦሃይድሬትን ከገበታ ላይ የመለካት መመሪያ

ክብደት ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እራት ይተዋል፤ አለዚያም እንጀራን ጨርሶ ይርቃል። ሁለቱም ለጥቂት ቀናት የሠሩ ይመስላሉ። ከዚያ ረሃቡ ይበረታል፣ ማታ ማታ ዳቦ በሻይ ይገባል፣ የሳምንቱ ልፋት በአንድ እሑድ ይመለሳል። ሰውነት የሚቀንሰው ለብዙ ሳምንታት ከሚያወጣው ያነሰ ካሎሪ (ከምግብ የሚገኝ የጉልበት መለኪያ) ሲያገኝ ነው። ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንደ እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ባሉ ምግቦች ውስጥ የሚበዛውን ጉልበት ሰጪ፣ መቀነስም የሚጠቅመው ይህን ለማቅለል ነው እንጂ በራሱ ስብ የሚያቀልጥ ኃይል የለውም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን ካርቦሃይድሬት፣ ሌላውን ስብ እንዲቀንስ አድርገው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ ወረዱ፤ ልዩነቱ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አሠራር እንጀራን አያስተውም። በአዲስ አበባ ገበታ ላይ ካሎሪ የሚከማቸው በሦስት ቦታ ነው፤ በእንጀራው ብዛት፣ በወጡ ዘይትና ቅቤ፣ በሚጠጣው ስኳር። እነዚህን ሦስቱን የለካ ሰው ሌላውን ሁሉ ባይለካም ይሳካለታል።

ማን በራሱ መጀመር የለበትም

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸው ሳይስተካከል እንጀራና ዳቦ ቢቀንሱ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታ ምልክቶቹ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ክብደታቸው ሲቀንስ ግፊታቸው አብሮ ስለሚወርድ የመድኃኒቱ መጠን መታየት አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆችና በማደግ ላይ ያሉ ወጣቶች፣ ከዚህ በፊት ምግብን ከመፍራት ወይም በልቶ ከማስመለስ ጋር የታገሉ ሰዎች ይህን በራሳቸው አይሞክሩት።

መቀነስ ያስፈልግዎት እንደሆነም አስቀድመው ይወቁ። ክብደትዎን በኪሎ ይውሰዱና በሜትር በተለካ ቁመትዎ ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። 78 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 1.62 ሜትር የሆነች ሴት ብትኖር፣ 78 ሲካፈል ለ1.62፣ እንደገና ሲካፈል ለ1.62 ወደ 29.7 ይደርሳል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ውፍረት ነው። በወገብ ዙሪያ የሚከማች ስብ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወገባቸው ከ80 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሴቶችና ከ94 የሚበልጥ ወንዶች ላይ ለልብና ለስኳር ሕመም ያለው ስጋት እንደሚጨምር ያስቀምጣል። ከ88 እና ከ102 በላይ ሲሆን ስጋቱ በጣም ይጨምራል።

1. መነሻውን መለካት

ሦስት ነገር ይግዙ፤ የሰው ሚዛን፣ ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር። መርካቶ ሦስቱም ይገኛሉ። የሰው ሚዛን መግዛት ካልቻሉ መንገድ ላይ የሚመዝኑት ልጆች ጋ መመዘን ይቻላል፤ ነገር ግን ሚዛን ከሚዛን አንድ ሁለት ኪሎ ስለሚለያይና ወጣ ገባ አስፋልት ላይ የተቀመጠ ሚዛን ስለሚሳሳት አንዱን ሚዛን ይዘው፣ ልብስዎን ሳይቀያይሩ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ። ቤቱ ሚዛን ላለው ሰው ትክክለኛው ጊዜ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ነው።

በየቀኑ መመዘን የማያስጨንቅዎ ከሆነ በየቀኑ ተመዝነው የሳምንቱን አማካይ ይያዙ። የሚያስጨንቅዎ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። የአንድ ቀን ቁጥር ስለ ስብ ምንም አይነግርዎትም፤ ትናንት ማታ የተበላ ጨው የበዛበት ወጥ ብቻውን ውኃ ይዞ አንድ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚያዘው ውኃም እንዲሁ ነው።

ወገብ ሲለካ ሜትሩ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይዞራል፤ ትንፋሽ ወጥቶ፣ ሆድ ሳይሳብ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

2. የቀን ካሎሪን ማስላት

ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ይህ ነው፦

ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛ። ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዛ። ሁለቱ ይደመሩ። ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነስ። በመጨረሻ ለሴት 161 ይቀነሳል፤ ለወንድ 5 ይደመራል።

ከላይ ያነሣናት ሴት 34 ዓመቷ ቢሆን 780 ሲደመር 1,012 ሲቀነስ 170 ሲቀነስ 161፣ ወደ 1,460 ካሎሪ ይመጣል። ይህ ሰውነቷ ተኝታ ብትውል እንኳ የሚፈልገው ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ይህን በ1.2፣ ቢሮ ተቀምጦ ውሎ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል የሚራመድ በ1.375፣ ቆሞ የሚሠራ ወይም በሳምንት ብዙ ቀን ስፖርት የሚሠራ በ1.55 ያባዛዋል። የእሷ በ1.375 ሲባዛ 2,010 ገደማ ነው። ከዚህ 500 ሲቀነስ 1,500 ይሆናል፤ ግቧ ይህ ነው።

በዚህ ልዩነት መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይወርዳል። የሚፈጥነውን የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ወደ 1,000 ይጎትታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከስቡ ጋር ጡንቻ ይሄዳል፣ ፀጉር ይነቃቀላል፣ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይውረዱ። ስሌቱ ራሱ ግምት መሆኑንም አይርሱ፤ ሦስት ሳምንት በትክክል ይዘውት ሚዛኑ ካልተነቃነቀ 100 ወይም 150 ካሎሪ ይቀንሱ፤ በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ እየወረደ ከቀጠለ ይጨምሩ።

(የታሸገ ምግብ ላይ «ኪሎ ካሎሪ» ተብሎ የሚጻፈውና በተለምዶ ካሎሪ የምንለው አንድ ነው።)

3. የእንጀራውን ቁጥር ማወቅ

«አንድ እንጀራ ስንት ካሎሪ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም፤ የአንዱ ቤት ስስ፣ የሌላው ወፍራም ነው። የራስዎን ማወቅ ግን ቀላል ነው።

ቤት የሚጋገር ከሆነ ከዱቄቱ ይነሡ። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,670 ካሎሪ ገደማ አለው። ከ5 ኪሎ ዱቄት 45 እንጀራ ከወጣ 18,350 ለ45 ሲካፈል አንዱ 408 ነው። 60 ከወጣ 306 ይሆናል። የምትጋግረውን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥራ እንድትነግርዎት መጠየቅ ይበቃል።

ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ አንዱን ሚዛን ላይ ያድርጉ። ደኅና የተጋገረ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ በ100 ግራም ወደ 145 ካሎሪና 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። 300 ግራም የሚመዝን እንጀራ እንግዲህ 435 ካሎሪ፣ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። በቀን ሦስት እንጀራ የሚበላ ሰው ወጡ ሳይቆጠር 1,300 ካሎሪ አግኝቷል። ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት እንጀራ ካሎሪው ብዙም አይለይም። ቀይ ጤፍና ነጭ ጤፍም በካሎሪ ያው ናቸው፤ ቀዩን መምረጥ ጥሩ ነው፣ ክብደት ይቀንሳል ብሎ ማብዛት ግን ያሳስታል። ጤፍ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የሌለው መሆኑም ከካሎሪው ጋር ግንኙነት የለውም።

ካወቁ በኋላ እንጀራውን ከመቀመጥዎ በፊት በቢላዋ አራት ቦታ ይቁረጡ። ይህች ትንሽ ሥራ የመመሪያው ልብ ናት። ከመሶብ እየተነሣ የሚጨመር እንጀራ አይቆጠርም፤ የተቆረጠ ሩብ ግን ይቆጠራል። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ የእርስዎን ሩብ ወይም ግማሽ ከፊትዎ አድርገው ወጡን በዚያ በኩል ያስወጡ። ወጥ የፈሰሰበትን የሥሩን እንጀራ ግን ይተዉት፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

4. ዘይትና ቅቤ

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ የተነጠረ ቅቤም ወደዚያው ይጠጋል። ችግሩ በማንኪያ የሚለካ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። 80 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጭልፋ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲጨመር 650 ካሎሪ ይገባል።

የቤትዎን ፍጆታ ለማወቅ ድስት መከታተል አያስፈልግም። አምስት ሊትሩ ጀሪካን የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጻፉ። አራት ሰው ባለበት ቤት በ30 ቀን ካለቀ፣ 40,700 ያህሉ ካሎሪ ለ30 ቀን፣ ከዚያ ለአራት ሰው ሲካፈል፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ከዘይት ብቻ አግኝቷል። ጀሪካኑን ወደ 45 ቀን ማድረስ ማንም ሳይራብ ከእያንዳንዱ ሰው በቀን 110 ገደማ ያወርዳል። ቤተሰቡ አብሮ የሚጠቀምበት ለውጥ ስለሆነ ከሁሉም እርምጃ ቀድሞ ይህን መጀመር እንመክራለን።

ዘይት የቀነሰ ወጥ የማይጥመው ቁሌቱ ሳይበስል ስለሚቀር ነው። ለስድስት ጊዜ የሚበቃ ምስር ወጥ እንዲህ ይሠራል። አራት መካከለኛ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍ። በደረቅ ድስት፣ ዘይት ሳይነካው፣ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ይቁላላ፤ ሲይዝ አንድ አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ቀለሙ ወርቃማ ሆኖ ሲሟሟ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከግማሽ ኩባያ ሙቅ ውኃ ጋር ይግባና 10 ደቂቃ እየተማሰለ ይብሰል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሁን ይጨመር፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም እንዲሁ፤ አምስት ደቂቃ። ከዚያ 300 ግራም የታጠበ ክክ ምስር፣ አምስት ኩባያ ያህል ፍል ውኃ፣ 25 ደቂቃ። ጨውና መከለሻ ከመውረዱ በፊት። የፍስክ ቀን ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ በመጨረሻ ጣል ይደረግ፤ መጀመሪያ ላይ ከገባ ሽታው በእሳቱ ስለሚጠፋ መጠኑን ማብዛት ይመጣል። አንዱ ድርሻ 280 ካሎሪ፣ 38 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 13 ግራም ፕሮቲን ይሆናል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በርበሬው ያለ ውኃ ከገባ ያርና ይመራል። ሽንኩርቱ በአምስት ደቂቃ ከተቸኮለበት ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ያን ለመሸፈን ዘይት ይጨመራል። ጊዜ ከሌለ ቁሌቱን እሑድ በብዛት ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ዶሮ ወጥ ላይ ቆዳው ተገፍፎ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ አድሮ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋውን ቅቤ በማንኪያ ያንሡ። ጥብስ በማይዝ መጥበሻ በአንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል።

5. ከሲኒና ከብርጭቆ የሚገባው

አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው፤ የተቆለለው ግን 7 ግራም ሊደርስ ይችላል። በቀን ሁለት ቡና፣ አንድ ሻይና አንድ ማኪያቶ እያንዳንዱ በሁለት የተቆለለ ማንኪያ ከተጠጣ ከ200 ካሎሪ በላይ ስኳር ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ይውረዱ፤ ምላስ በዚህ ፍጥነት ይለምዳል። ቡና ያለ ስኳር ከባዶ ጋር እኩል ነው፤ ማኪያቶ ያለ ስኳር ወተቱን ብቻ፣ 50 ካሎሪ ያህል ይይዛል።

300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም የሚያልፍ ስኳር አለ። ቢራ በጠርሙስ 140 ካሎሪ ገደማ ነው። ጁስ ቤት የሚጠጣው የአቮካዶ ጁስ ጤናማ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ አንድ ትልቅ አቮካዶ 250 ካሎሪና ከዚያ በላይ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሌላ 150፤ ብርጭቆው 400 ያልፋል። ስኳር እንዳይገባበት ይንገሯቸው፤ ወይም ግማሹን አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ሰላጣ አድርገው ይብሉት። ብርቱካንን ተልጦ መብላት ከጭማቂው ይመረጣል፤ ቃጫው ሆድ ላይ ይቆያል።

6. ገበታውን መሥራት

1,500 ካሎሪ ለያዘች ሴት አከፋፈሉ ይህን ይመስላል፤ ካርቦሃይድሬት 150 ግራም፣ ፕሮቲን 80 ግራም፣ ስብ 65 ግራም ያህል። የፕሮቲኑ ቁጥር የሚገኘው መድረስ የምትፈልግበትን ክብደት በ1.2 በማባዛት ነው። በጥብቅ አነጋገር ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ከ130 ግራም በታች ነው፤ ከ50 በታች የሚወርደው ኬቶ ደግሞ እንጀራን፣ ሽሮንና ምስርን ሁሉ ያስወጣል። ለጾመኛ አገር ሰው፣ ከቤተሰብ ጋር ለሚበላ ሰው፣ ኬቶ የሚዘልቅ መንገድ አይደለም ብለን እናምናለን። ከ130 እስከ 150 ያለው ይዘልቃል።

የፍስክ ቀን ምሳሌ፦

ቁርስ፦ ሁለት እንቁላል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፤ 40 ግራም ዳቦ፤ ማኪያቶ ያለ ስኳር። 360 ካሎሪ፣ 28 ግራም ካርቦሃይድሬት።

ምሳ፦ ግማሽ እንጀራ (150 ግራም)፣ 120 ግራም ጮማ የሌለው የበሬ ሥጋ ጥብስ፣ አንድ ጭብጥ ሙሉ ጎመን። 560 ካሎሪ፣ 52 ግራም።

መክሰስ፦ 30 ግራም ኦቾሎኒ፤ አንድ እፍኝ ማለት ነው። 170 ካሎሪ፣ 5 ግራም።

እራት፦ ከላይ የተሠራው ምስር አንድ ድርሻ፣ ሩብ እንጀራ፣ ሰላጣ። 420 ካሎሪ፣ 65 ግራም።

ሲደመር 1,510 ካሎሪ፣ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከ80 ግራም ትንሽ ያነሰ ፕሮቲን ነው። ወደ 130 መውረድ የፈለገ የጠዋቱን ዳቦ ይተው። ሥጋ ሲወደድ እንቁላልና አይብ ይተኩታል፤ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ዝቅተኛ፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም እስኪጠግቡ ይብሉ፤ ድንች ግን ከእንጀራው ወገን ይቆጠር። ሩዝና ፓስታም እንዲሁ፤ 100 ግራም የበሰለ ፓስታ 31 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከእንጀራ አያንስም። እንጀራ ትቶ ፓስታ መብላት ምንም አይቀንስም።

ጎመኑንና ሥጋውን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ መብላት ይረዳል። ሩቡ እንጀራ ሲያልቅ ቀሪውን ወጥ በማንኪያ ይጨርሱ።

በጾም ቀን

ረቡዕ፣ ዓርብና 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ለዚህ አሠራር ከባዶቹ ናቸው። ፕሮቲኑ ከጥራጥሬ ብቻ ስለሚመጣ ካርቦሃይድሬቱን ይዞት ይመጣል። ሲሦ እንጀራ በሽሮና በጎመን፣ አንድ ኩባያ የሽምብራ ንፍሮ፣ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ማታ ምስር በሩብ እንጀራ የበላ ሰው ወደ 1,400 ካሎሪ ያገኛል፤ ካርቦሃይድሬቱ ግን 180 ግራም ይደርሳል፣ ፕሮቲኑ ከ60 በታች ይቀራል። ይህ ጥፋት አይደለም። በጾም ወቅት ካሎሪውን ብቻ ይጠብቁና የካርቦሃይድሬቱን ቁጥር ይተዉት። ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ፕሮቲኑን በቀላሉ ያሟላሉ።

የጾም ወጥመዱ ሌላ ነው። እስከ 6 ወይም 9 ሰዓት የቆየ ሰው ሲቀመጥ በፍጥነት ይበላል፤ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና እርጥብም ሥጋ ስለሌለባቸው እንደ ቀላል ምግብ ይወሰዳሉ። እርጥብ በዳቦ ውስጥ የገባ የተጠበሰ ድንች ነው፤ ካርቦሃይድሬት በካርቦሃይድሬት፣ ከነዘይቱ። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ከዚያ ሽሮው። ሽሮ ቀጠን ብሎ ሲሠራ ለአንድ ሰው 40 ግራም ዱቄት ይበቃል፤ 155 ካሎሪ ነው፤ ዘይቱ ለብቻው ይቆጠራል። ተልባና ሱፍ ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን ዘይታማ ስለሆኑ በማንኪያ ይለኩ።

ረመዳን ላይም ሥራው ያው ነው። ሦስት ተምርና ውኃ፣ ሾርባ፣ ከሰላት መልስ ዋናው ምግብ፤ ሳምቡሳው አንድ ብቻ። ሱሑር ላይ (ከንጋት በፊት በሚበላው) እንቁላል ወይም ፉል የበላ ሰው ቀኑን በደኅና ይውላል።

ከቤት ውጭ

ፒያሳ፣ ካዛንችስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ምሳ የሚበላ የቢሮ ሰው በያይነቱ ሲያዝ ከሥር አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ከጎን የተጠቀለለ ሌላ ይመጣለታል። ጎን ያለውን ከመንካትዎ በፊት ይመልሱ። ከወጦቹ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ምስርና ሰላጣ ይብዛልኝ ይበሉ፤ ድንችና ፓስታ ይቅር ይበሉ፤ አብዛኛው ቤት ያለ ጭቅጭቅ ያደርገዋል።

ጥብስ ሲያዙ «ጮማ ሳይገባ፣ ዘይት ሳይበዛ» በማለት ይጀምሩ። ክትፎ ውስጥ ሥጋው አያሰጋም፤ ቅቤው ነው። 200 ግራም ቀይ ሥጋ ከ300 ካሎሪ ብዙም አያልፍም፤ ሦስት ማንኪያ ቅቤ 360 ይጨምርበታል። ከአንድ እንጀራና ከሁለት ቢራ ጋር አንድ መቀመጫ 1,375 ገደማ ይሆናል፤ የቀኑ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ክትፎውን በደንብ ያስበስሉ፣ ቅቤውን ለብቻ በትንሽ ዕቃ ያስመጡ። ጥሬውን ለሚወዱ፦ የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ነው፤ ትሉ ያከሳል የሚለው ወሬም ሊታመን አይገባውም።

ቁርስ ቤት ውስጥ ጨጨብሳና ፈጢራ ዱቄት ከቅቤ ጋር ናቸው፤ ፉል በእንቁላል፣ ዘይቱ ተቀንሶ፣ ከግማሽ ዳቦ ጋር የተሻለ ያቆያል።

ጉርሻ የፍቅር ስለሆነ እምቢ ማለት ያስቸግራል። አንዱን ይቀበሉ፤ ከዚያ ቀድመው እርስዎ ያጉርሱ። ሠርግና ተዝካር ላይ ሳህንዎን አንድ ጊዜ ብቻ ያንሡ፤ ሥጋና አትክልቱን በዝርግ፣ እንጀራውን አንድ ሩብ። የቡና ቁርስ ላይ ፈንዲሻ ከዳቦና ከቆሎ ይመረጣል፤ ስኳር ካልተነሰነሰበት።

ሲቸግር

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ከወረደ አብዛኛው ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጀራው ሲቀንስ አብሮ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀንስ አሠራሩ የተበላሸ መስሏቸው የሚተዉት ብዙ ናቸው። አልተበላሸም፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ነው ስቡ።

ከዚህ ውኃ ጋር ጨውም ስለሚወጣ ራስ ምታትና ድካም ይመጣል። ውኃ መጨመርና አንድ ሳህን የአትክልት ሾርባ መጠጣት ያስታግሳል። ሆድ ድርቀት ከመጣ እንጀራው ሲቀነስ ቃጫው አብሮ ቀርቶ ነው፤ ጎመኑን እጥፍ ያድርጉ፣ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በውኃ ይጨምሩ።

አሥር ሰዓት አካባቢ የሚመጣ ብርቱ ረሃብ ቁርስና ምሳ ላይ ፕሮቲን ማነሱን ያሳያል። እንቁላል ይጨምሩ እንጂ ብስኩት አይጀምሩ።

ከወራት በኋላ ሚዛኑ ሲቆም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛ፣ የቀለለ ሰውነት ትንሽ ስለሚያቃጥል በየ5 ኪሎው ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት። ሁለተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 500 የቀነሰ ሰው 2,500 አጠራቅሟል፤ በሁለቱ ቀናት 1,250፣ 1,250 ተርፎ ከተበላ ሳምንቱ ዜሮ ወጣ። ለሁለት ሳምንት የእሑዱንም ጭምር ሁሉን ይጻፉ፤ መልሱ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ አቼቶ፣ ማክሰሚያ ሻይ፣ የሚያልብ ቀበቶ፦ አንዳቸውም ስብ አያወጡም። አንዳንዱ ማክሰሚያ ሻይ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ የሚወርደው ውኃ ነው፣ ሲቆይ ደግሞ አንጀትን ይጎዳል።

እግርና ጡንቻ

78 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ 50 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከመስቀል አደባባይ ሜክሲኮ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ አንድ ተኩል ያህል። ታክሲውን ደርሶ መልስ በእግር የተካ ሰው በቀን 150 እስከ 200 ካሎሪ ያወጣል፤ ጥሩ ነው፣ አንድ ለስላሳ ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል። መራመድን ለልብ፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ ብለው ይያዙት፤ የመቀነሱን ሥራ ገበታው ይሥራው። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕና ውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሣት ጡንቻ ከስቡ ጋር እንዳይሄድ ይጠብቃል።

ክብደቱ ከወረደ በኋላ

መነሻ ክብደትን በ5 በመቶ መቀነስ ብቻ፣ ለ78 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ ገደማ፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማሻሻል ይጀምራል። ስለዚህ ሩቅ ያለውን ግብ ሳይጠብቁ እዚህ ሲደርሱ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትና ስኳር ይለኩ።

የፈለጉት ክብደት ላይ ሲደርሱ ወደ ቀድሞው አበላል በአንድ ጊዜ አይመለሱ። በየሁለት ሳምንቱ 100 ካሎሪ ይጨምሩ፤ ይህ አንድ ሩብ እንጀራ ነው። መጀመሪያ በምሳ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በእራት ላይ። የሳምንቱ አማካይ ክብደት ለተከታታይ ሁለት ሳምንት ከፍ ካለ የመጨረሻዋን ሩብ ይመልሱና እዚያው ይቁሙ። የዘይቱ ጀሪካንና ስኳር የሌለው ቡና ግን እንዳሉ ይቀጥሉ።